መቋሚያ የያዘው ፈረንሳዊ

ፓሪስ በሚገኘው የኦርሴ ቤተ መዘክር የኤድጋር ደጋ ሥዕል ተሰቅሏል፤ ስሙ «የዳንስ ክፍል» ይባላል። ነጭ ቀሚስ የለበሱ ልጃገረዶች ክፍሉን ሞልተውታል። አንዷ ፒያኖው ላይ ጉብ ብላ ጀርባዋን ታካለች። ከሥሯ ወለሉ እንዳያንሸራትት ውኃ የሚረጭበት ማጠጫ ተቀምጧል፤ ትንሽ ውሻም ከእግራቸው ሥር ትታያለች። ወዲያ ግድግዳው ሥር እናቶች ተደርድረው ይጠብቃሉ። ከዚህ ሁሉ ሴት መሃል ለዓይን የሚገባው ወንድ አንድ ነው፤ ፀጉሩ የነጣ፣ ወፈር ያለ ሽማግሌ፣ ረጅም ዱላ ተመርኩዞ ቆሟል። ዱላው ለጉልበቱ ብቻ አይደለም፤ ወለሉን እየመታ ምት ይጠብቅበታል። ጎንደር በአታ ደጅ ያደገ ሰው ሥዕሉን ቢያይ መጀመሪያ ወደ አፉ የሚመጣው «እኚህ ሰውዬ መሪጌታ ናቸው እንዴ?» የሚል ጥያቄ ሳይሆን አይቀርም።

ሽማግሌው ዡል ፔሮ ነው። ደጋ ሥዕሉን እ.ኤ.አ. ከ1873 እስከ 1876 ሲሠራው ፔሮ ስድሳውን አልፎ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም፣ ከአንዱ በስተቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።) በወጣትነቱ ከዘመኑ ታላላቅ ወንድ ዳንሰኞች አንዱ ነበር፤ ፓሪስ ወንድ ሲደንስ ማየት ያንገሸገሻትም በእሱ ዕድሜ ነው። «ዳንስ የሴት ነው» የሚለውን ነገር ብዙ ሰው ከአዳም ጀምሮ የነበረ አድርጎ ይቆጥረዋል። ነገር ግን በቲያትር ዓለም የተወለደበትን ከተማና የተወለደበትን አሥር ዓመት በጣት መጠቆም ይቻላል። የሚገርመው የተወለደው ንጉሡ ራሱ በደነሰበት ሀገር መሆኑ ነው።

በየካቲት 1653 ፓሪስ ውስጥ በፔቲ ቡርቦን አዳራሽ ሌሊቱን ሙሉ የዘለቀ ትርኢት ታየ፤ «የሌሊት ባሌት» ተባለ። ወደ ማለቂያው፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ገና 14 ዓመቱ የነበረው ሉዊ 14ኛ ከራሱ ላባ እስከ ጫማው በወርቅ ተንቆጥቁጦ፣ የምትወጣ ፀሐይ ሆኖ ብቅ አለ። «የፀሐይ ንጉሥ» የሚለው ስም ከዚያ ሌሊት ጋር ተያይዞ ይነገራል። ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ መኳንንቱ አምፀው ከፓሪስ በሌሊት ያሸሹት ልጅ ነበርና ዳንሱ ጨዋታ ብቻ አልነበረም። ማን በማን ዙሪያ እንደሚዞር በአደባባይ የሚያሳይ የመንግሥት ሥራ ነበር።

ንጉሡ በ1661 የንጉሣዊ ዳንስ አካዳሚን አቋቁሞ 13 የዳንስ መምህራን ሾመበት። በማቋቋሚያ ደብዳቤው ላይ ዳንስ ሰውነትን ለማንኛውም እንቅስቃሴ፣ ለጦር መሣሪያ ልምምድም ጭምር የሚያዘጋጅ ሙያ መሆኑ ተጽፏል። ዳንስ የተቆጠረው ከጎራዴ ግጥሚያና ከፈረስ ግልቢያ ጎን ነው ማለት ነው። ሰው ከፍሎ በሚያይበት የኦፔራ መድረክ ላይ ደግሞ ሴት ዳንሰኛ የሚባል አልነበረም። የሴቶቹን ገጸ ባሕርያት ጭምብል አጥልቀው የሚደንሱት ወንዶች ነበሩ። ሙያተኛ ሴት ዳንሰኞች በፓሪስ ኦፔራ ለመጀመሪያ ጊዜ የታዩት በ1681 ነው።

የዚያ ዘመን ወንድ ምን ያኮራው እንደ ነበር ለማየት ኢያሳንት ሪጎ በ1701 የሣለውን የንጉሡን ሥዕል ማየት ይበቃል። ሉዊ 63ኛ ዓመቱን ይዟል። በወርቃማ አበባ ያሸበረቀው ሰማያዊ ካባ በአንድ ወገን ገለጥ ብሎ፣ በነጭ ሐር ካልሲ የተወጠሩ ሁለት ረጃጅም እግሮች ይታያሉ። ጫማው ተረከዙ ቀይና ከፍ ያለ ነው፤ እግሮቹም የዳንስ መምህር እንዳስተማራቸው ወደ ውጭ ዞረው ቆመዋል። መድረክ ላይ መውጣት ካቆመ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሽማግሌ ንጉሥ ለትውልድ ባስቀረው ሥዕል ላይ የዳንሰኛ ባቱን ማሳየት አልረሳም!

በቀጣዩ ምዕተ ዓመት የመድረኩ ጌቶች ወንዶች ነበሩ። ጋኤታኖ ቬስትሪስ «የዳንስ አምላክ» እስከ መባል ደርሷል፤ ልጁ ኦጉስት ደግሞ በዝላይና በሽክርክሪት አባቱን አስናቀ።

ከዚያ አብዮት መጣ፤ ሐር ካልሲና ባለ ቀይ ተረከዝ ጫማ የሚለብሱት መኳንንት ወደቁ። ቦታቸውን የያዘው ባለ ሱቅ፣ ባለ ባንክና ጠበቃ ጥቁር ኮትና ረጅም ሱሪ ለበሰ። ወንድ ልጅ ያጌጠ አካሉን አደባባይ ማቅረቡን ትቶ ተመልካች ሆነ። የፓሪስ ኦፔራም በ1831 ሉዊ ቬሮን ለሚባል ነጋዴ ተሰጠ። ቬሮን ገበያውን ያውቃል። ሴት ዳንሰኞች ከመድረክ በፊት የሚያሟሙቁበትን ክፍል ለዓመት ደንበኞቹ፣ ለገንዘባሞቹ ወንዶች ከፈተላቸው። አብዛኞቹ ልጆች የድሃ ልጆች ነበሩ። ደጋ በሌሎች ሥዕሎቹ ላይ ከመጋረጃው ጥግ ጥቁር ባርኔጣ አድርገው የሚያሾልቁ ወንዶችን የሣለው ያየውን ነው። በመጋቢት 1832 ማሪ ታግሊዮኒ «ላ ሲልፊድ» በተባለው ትርኢት በእግር ጣቶቿ ጫፍ ቆማ፣ ክንፍ እንዳላት መንፈስ ስትንሳፈፍ ታየች። ከዚያ ወዲህ ሴቷ የምትታይ፣ ወንዱም ከፍሎ የሚያይ ሆነ። በመድረኩና በከፋዩ ዓይን መካከል የሚገባ ሌላ ወንድ መንገድ ዘጊ ከመሆን አላለፈም።

ጋዜጦቹም ይህንኑ በአደባባይ ጻፉት። ሃያሲው ዡል ዣናን በ1840 ወንድ ጠመንጃና ጎራዴ ሊሸከም፣ የደንብ ልብስ ሊለብስ የተፈጠረ ሆኖ ሳለ እንደ ሴት ሲሽኮረመም ማየት አንገሽጋሽ እንደሆነ አተተ። ገጣሚው ቴዎፊል ጎቲዬ ደግሞ ቀይ አንገቱን፣ ጡንቻማ ክንዱንና ወፍራም ባቱን የሚያሳይ ወንድ የመሰለ አስጠሊታ ነገር እንደሌለ ጻፈ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው አንድ ነገር ሳይታዘብ አያልፍም። አንደኛው ወንዱን ሴት መሰለ ብሎ ሲኮንነው፣ ሌላኛው ወንድነቱ አልደበቅ አለ ብሎ ይኮንነዋል። ለዚህ ክስ መልስ የሚሆን ሰውነት ከየት ይመጣል? የጎቲዬን «ጡንቻ» አንባቢ ልብ ይበልልን፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ዡል ፔሮ የመጣው በዚህ ጊዜ ነው። በ1810 ሊዮን ተወልዶ፣ በልጅነቱ በፓሪስ ታዋቂ ቲያትሮች የዝንጀሮና የአስቂኝ ሰው ሚና እየተጫወተ አደገ። መልኩ አያምርም ነበር። ያስተማረው ያው ኦጉስት ቬስትሪስ ነው፤ መምህሩ የሰጠው ምክርም እስከ ዛሬ ይነገራል፦ ዝለል፣ ተሽከርከር፣ ከቦታ ቦታ ሂድ፣ ብቻ ሰው ፊትህን ለማየት ፋታ እንዳያገኝ። በ1830 ኦፔራ ገባና ከታግሊዮኒ ጋር ተጣመረ። ጭብጨባው ለእሱም እኩል መድረስ ሲጀምር ግን ታግሊዮኒ ደስ አላላትም። በ1835 በውል ጉዳይ ተጣልቶ ወጣ። ጎቲዬ ራሱ፣ ያ የወንድ ዳንስ ጠላት፣ ፔሮን ሲያይ የሚወደው መሆኑን ሳይወድ በግድ አምኗል። በ1841 ዓለም እስከ ዛሬ የሚያየው «ዢዘል» ለመድረክ ሲበቃ የዋናዋን ዳንሰኛ የካርሎታ ግሪዚን እንቅስቃሴዎች የነደፈላት ፔሮ ነው፤ በማስታወቂያው ላይ ግን ስሙ አልሰፈረም። ከዚያ ለንደን፣ ከዚያ ሴንት ፒተርስበርግ ሄዶ ሌሎችን አስደነሰ። ሲመለስ ፓሪስ የተረፈችለት ቦታ ደጋ የሣለው ነው፤ ዱላ ይዞ ልጃገረድ ማስተማር።

ነገሩ የት ድረስ እንደ ደረሰ ግንቦት 1870 ታየ። «ኮፔሊያ» ሲቀርብ ፍራንዝ የሚባለውን ጎረምሳ የተጫወተችው ኤውጄኒ ፊዮክር የተባለች ሴት ነበረች። የወንድ ሱሪ ለብሳ፣ ፍቅረኛዋን «ልታገባ»! በፓሪስ ኦፔራ ፍራንዝን ሴት የመጫወቷ ልማድ እስከ 1950ዎቹ ድረስ ቆየ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ኮፐንሃገን ውስጥ ኦጉስት ቡርኖንቪል ለወንዶች የሚከብዱ ዝላዮችን ይነድፍ ነበር፤ ሩሲያም የዛሩ ትምህርት ቤት ወንድ ልጆችን ከሕፃንነታቸው እየቀለበ ያሠለጥን ነበር። የዴንማርክ ወይም የሩሲያ ወንድ ከፈረንሳዩ የተለየ ተፈጥሮ ስለነበረው አይደለም። ደሞዝ ከፋዩ ቤተ መንግሥት እንጂ ከመጋረጃ ጀርባ የሚጠብቅ የዓመት ደንበኛ ስላልነበረ ነው። አንዳንድ ጊዜ የባህል የሚመስለን ነገር የሒሳብ መዝገብ ቢገለጥ ይገኛል።

ግንቦት 1909 ሰርጌይ ዲያጊሌቭ ሩሲያዊ ዳንሰኞቹን ይዞ ፓሪስ ሻትሌ ቲያትር ገባ። በመጀመሪያው ምሽት ቀስት የያዙ የፖሎቬትስ ተዋጊዎች መድረኩን ሲያናውጡት ፓሪስ ለሁለት ትውልድ ያላየችውን አየች፤ በጅምላ የሚደንሱ ወንዶች። ዲያጊሌቭ ይዟቸው ከመጡት ዳንሰኞች መካከልም ቫስላቭ ኒዢንስኪ ነበረ። በ1911 «የጽጌረዳዋ መንፈስ» ላይ በመስኮት ዘሎ ሲወጣ አየር ላይ የቀረ መሰላቸው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የፒተርስበርግ ንጉሣዊ ቲያትር ያባረረው ደግሞ በልብስ ጉዳይ ነው፤ በታይቱ ላይ ደንቡ የሚያዘውን ቁምጣ ሳይደርብ ወጣ ተብሎ። ወንዱ ወደ መድረክ ቢመለስም ከአዲስ ሐሜት ጋር ነው የተመለሰው። ኒዢንስኪና ዲያጊሌቭ ፍቅረኞች መሆናቸው ይታወቅ ስለነበር፣ ከዚያ ወዲህ ወንድ ዳንሰኛ ሁሉ በዚያው ዓይን ይታይ ጀመር። የጎቲዬ ክስ አስጠሊታነት ነበር፤ አሁን ግን የዣናን የሴታሴትነት ክስ ነገሠ።

በዚህ ክስ ላይ ለወንዱ ዳንሰኛ ጥብቅና የቆመው አሜሪካዊው ቴድ ሾውን ነው። ሾውን በዴንቨር ዩኒቨርሲቲ ለፕሮቴስታንት ሰባኪነት ሲማር በ1910 ዲፍቴሪያ ያዘው፤ የሕክምናው መዘዝ እግሩን አሰረው። ዳንስ የጀመረው ሰውነቱን መልሶ ለማንቀሳቀስ ነበር። ከዓመታት ዝና በኋላ በ1931 ማሳቹሴትስ ውስጥ «የያዕቆብ ትራስ» የሚባል አሮጌ እርሻ ገዛ። ቀጥሎም የቅርጫት ኳስ በተፈለሰፈበት በስፕሪንግፊልድ ኮሌጅ የስፖርት ተማሪዎችን ዳንስ ለማስተማር ተቀጠረ። ከእነዚያ ተማሪዎች የተወሰኑትን ጨምሮ ያሰባሰበው «ቴድ ሾውንና ወንድ ዳንሰኞቹ» የተባለው ቡድን መጋቢት 1933 ቦስተን ላይ መድረክ ወጣ።

በበጋ እንጨት እየፈለጡ፣ ድንጋይ እየተሸከሙ፣ የራሳቸውን ጎጆና የልምምድ አዳራሽ በእጃቸው ይሠሩ ነበር። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ለአካባቢው ሰው ሻይ ያቀርቡና ይደንሱለታል። በ1934 ያቀረቡት «የሥራ ሲምፎኒ» ገበሬውን፣ ደን መንጣሪውን፣ መርከበኛውንና የፋብሪካ ሠራተኛውን የሚያሳይ ነበር። እርቃኑን የሚቀርብ ደረት፣ የሚያብረቀርቅ ጡንቻ፣ ምሳርና መዶሻ የሚመስል እንቅስቃሴ ሞላው። ሾውን በየከተማው እየዞረ ወንድ በዳንስ ወንድነቱን አያጣም፣ ያጠነክረዋል እያለ ሰበከ፤ ሰባኪነቱም እንዲሁ አልቀረም። ቡድኑ በ1940 ሲበተን ብዙዎቹ ወደ ጦሩ ገቡ።

ለዚህ ሰው ክብር ይገባዋል። ሆኖም ጥብቅናው ውስጥ አንድ ወጥመድ ነበር። ሾውን የወንድ እንቅስቃሴ ሰፊና ኃይለኛ፣ የሴት ደግሞ ትንሽና ለስላሳ መሆን አለበት ብሎ ያምን ነበር። ወንዱን ነፃ ያወጣው ሌላ አጥር ሠርቶ ነው። ጎቲዬ የጠላው ያ ጡንቻ አሁን የይለፍ ወረቀት ሆነ፤ ጡንቻ የሌለው፣ ወይም ለስላሳ ክንድ ማንሳት የሚያምረው ልጅ ከደጅ ቀረ። ሾውን ራሱ ደግሞ ከቡድኑ ዋና ዳንሰኛ ከባርተን ሙማው ጋር የኖረውን ፍቅር ለዚያ ለሚሰብከው ሕዝብ ሊናገር አይችልም ነበር።

ጂን ኬሊም በዚያው መንገድ ሄደ። ፒትስበርግ ውስጥ እናቱ ዳንስ ትምህርት ቤት ስትልከው የሠፈር ልጆች እየሰደቡት በቡጢ ይደባደብ ነበር። በሆሊውድ ከገነነ በኋላ፣ በታኅሣሥ 1958 «ዳንስ የወንድ ጨዋታ ነው» የሚል የቴሌቪዥን ዝግጅት ሠራ። ቦክሰኛውን ሹገር ሬይ ሮቢንሰንን፣ ቤዝቦል ተጫዋቹን ሚኪ ማንትልን፣ ሌሎችንም አትሌቶች አንድ አዳራሽ ሰብስቦ፣ የእነሱ ቅልጥፍና ከዳንስ እንደማይለይ እያመሳሰለ አሳየ። ማራኪ ነው። ቢሆንም ዳንሰኛው ወንድ ለመባል ቦክሰኛ ምስክር መጥራቱ ነገሩ የት እንደ ነበረ ይናገራል።

ሦስት ዓመት ሳይሞላ፣ ሰኔ 1961፣ ሩዶልፍ ኑሬየቭ ፓሪስ ለ ቡርዤ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ከሶቪየት ጠባቂዎቹ አመለጠ። ኑሬየቭ በ1938 ሳይቤሪያን በሚያቋርጥ ባቡር ውስጥ የተወለደ የታታር ልጅ ነው። ኡፋ ከተማ ውስጥ እናቱ በአንዲት ቲኬት ልጆቿን ሁሉ በግርግር አስገብታ ባሌት አሳየቻቸው፤ ያን ምሽት ነው የተለከፈው። ከጦር ሜዳ የተመለሰው አባቱ ግን ዳንስን ለወንድ ልጅ የሚሆን ሥራ አድርጎ አላየውም፤ ደጋግሞ ገርፎታል። ልጁ በ17 ዓመቱ፣ ለሙያው በጣም ዘግይቶ፣ ሌኒንግራድ ገባ። በምዕራቡ መድረክ ሲታይ ለማንም ማስረጃ አላቀረበም። ለስላሳም ኃይለኛም ሆኖ፣ ያጌጠ አካሉን እንደ ሉዊ 14ኛ እንዲታይለት ፈልጎ ወጣ፤ ሕዝቡም አየው።

ወደ እኛ ስንመጣ ነገሩ መልኩን ይለውጣል። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጸናጽልና መቋሚያ ይዘው፣ ከበሮ እየተመታ በዝማሜ የሚወዛወዙት፣ በመረግድ የሚጠነክሩት፣ በጽፋት የሚፈጥኑት ወንዶች ናቸው። ይህን ሙያ የሚያስመሰክረው ጎንደር በአታ ነው፤ ደቀ መዝሙሩም ዓመታት ይፈጅበታል። ሊቃውንቱ አቋቋም እንጂ ጭፈራ አይሉትም፤ የሚጠቅሱትም በታቦቱ ፊት የዘለለውን ንጉሥ ዳዊትን ነው። ሚስቱ ሜልኮል በመስኮት አይታ በልቧ ናቀችው፤ ነቀፋዋን ግን ልብ ብሎ ላነበበ ሰው ዳዊትን ሴት መሰልክ አላለችውም። ንጉሥ ሆነህ በሎሌዎችህ ገረዶች ፊት ተዋረድክ ነው ያለችው።

የሀገራችንም ንቀት የሜልኮል ዓይነት ነው። ሽለላና ፉከራ የወንድ ነው፤ ሠርግ ላይ ትከሻውን የማይሰብቅ ጎረምሳ ነው የሚታማው፤ በጥምቀት ታቦት ፊት ዱላ ይዞ የሚዘለውን ወንድነቱን የሚጠረጥር የለም። ያው ሰው በዚያው ትከሻ እንጀራ ሊበላበት ሲነሣ ግን «አዝማሪ» ተብሎ ይወርዳል። ከሸማኔውና ከቀጥቃጩ ጋር ተደምሮ፣ ጨዋ ልጁን የማይድርለት ሰው ይሆናል። የጣሊያኑ እንደራሴ ግራዚያኒ እንኳ በ1929 ዓ.ም. የካቲት ካለቀ በኋላ አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን ይዞ ማስረሸኑን ለሮም ሲያስታውቅ፣ ባለሀገሩ ከናቃቸው በላይ ፈርቷቸው ነበር። እዚህ ሀገር ውስጥ ያለው የተበላሸ ሚዛን ከፓሪሱ አይሻልም፤ የሚመዝነው ሌላ ነገር ነው እንጂ።

ሁለቱ ታሪኮች የተገናኙት አዲስ አበባ ላይ ነው። ሮይስተን ማልዱም የተባለ እንግሊዛዊ ሃያዎቹን እንደ ጀመረ የሮያል ባሌትን ፊልም አይቶ፣ እንደ ኑሬየቭ ዘግይቶ፣ ዳንሰኛ የሆነ ሰው ነው። በ1996 አዲስ አበባ መጥቶ መቶ ያህል የጎዳና ልጆችን ሰብስቦ የካርል ኦርፍን «ካርሚና ቡራና» አስደነሳቸው። ከዚያ ሥራ «አዱኛ» የተባለው የዳንስ ቡድን ወጣ፤ ወንዱም ሴቱም በዓመታት ሥልጠና ሙያተኛ ሆኑበት።

ይኸው ማልዱም በ2003 በርሊን ላይ ከከተማዋ ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ጋር 250 የትምህርት ቤት ልጆችን ኒዢንስኪ በ1913 ለመጀመሪያ ጊዜ የነደፈውን «የፀደይ ሥርዓት» አስደንሷል። ስለዚሁ ሥራ በ2004 በወጣው ዘጋቢ ፊልም ላይ ልምምዱ እንደ ተጀመረ ልጆቹ እየተያዩ ይስቃሉ፣ ይገፋፋሉ፣ ቀጥ ብሎ መቆም ያቅታቸዋል። ማልዱም የሚጠይቃቸው ጡንቻ አይደለም፤ ዝም ብለው እንዲቆሙ ነው።

በዚያው በ2004 ጃፓናዊው የዳንስ ነዳፊ ሳቡሮ ተሺጋዋራ ከዓለም ዙሪያ ከታጩ ወጣቶች መካከል አጠገቡ ሆኖ አንድ ዓመት የሚማር አንድ ሰው መረጠ። የመረጠው ከአዲስ አበባ ጎዳና ተነሥቶ በአዱኛ ያደገውን ጁነይድ ጀማል ሰንዲን ነበር።